ጄኔራል አይደለም፣ ጊዮርጊስም የለውም፤ ታዲያ ማን ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። እናቷ ሩሲያዊት የሆነች እህታችን አንድ የድሮ ፎቶ ልካለች። አባቷና እናቷ የተዋወቁት በሶቪየት ዘመን ሌኒንግራድ ሲማሩ ነው። ፎቶው ከሴት አያቷ ቤት የመጣ ሲሆን የእናቷ ቅድመ አያት ነው ይባላል። ቤተሰቡ ውስጥ «ጄኔራል ነበር፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ መስቀል ተሸልሟል» እየተባለ ሲወራ ኖሯል። እሷ የምትጠይቀው፦ እውነት ጄኔራል ነው? ደረቱ ላይ ያሉት ምንድን ናቸው? መቼ ነው የተነሳው? ደግሞስ በምኒልክ ጊዜ ወደ እኛ አገር ከመጡት ሩሲያውያን አንዱ ይሆን?

ሰላም እህቴ። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት፣ ጥሩ ፎቶ ነው። መጀመሪያ አጭሩን መልስ ልንገርሽ። ጄኔራል አይደለም። የጊዮርጊስ መስቀልም የለውም። ወደ ኢትዮጵያ ስለመምጣቱ ፎቶው ላይ አንድም ምልክት የለም። ግን አትዘኚ። ሰውየው የ106ኛው የኡፋ እግረኛ ሬጅመንት መኮንን ነው፣ ከጃፓን ጋር በተደረገው ጦርነት ማንቹሪያ (ሰሜን ምሥራቅ ቻይና) ላይ ተዋግቷል፣ እዚያው ቆስሏል፣ ለጦር ሜዳ ሥራው ሦስት ጊዜ ተሸልሟል። ፎቶው የተነሳው ደግሞ በ1913 ወይ በ1914 ሰኔ ላይ ነው። ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አሁን ይሄን ሁሉ ከየት እንዳመጣሁት ላሳይሽ።

ሰው እንዲህ ዓይነት ፎቶ ሲያይ ቀድሞ የሚያፈጥጠው ደረት ላይ ነው። እኔ ሁልጊዜ ከትከሻ ነው የምጀምረው። ትከሻ ማዕረጉንና ክፍሉን ይነግርሻል፣ ደረት ደግሞ ያሳለፈውን። ማዕረጉን ሳታውቂ ሜዳዮቹን ብታነቢ በቀላሉ ትሳሳቻለሽ።

ትከሻው ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው፣ ሩሲያውያን ፓጎን ይሉታል። መሃሉ ላይ በቁመቱ የሚወርድ አንድ ጠቆር ያለ መስመር አለ። አራት ትናንሽ ኮከቦችና 106 የሚል ቁጥርም አሉበት። ቤተሰቡን ያሳሳቱት እነዚህ አራት ኮከቦች ይመስሉኛል፤ ዛሬ አራት ኮከብ ያየ ሰው ሁሉ ጄኔራል ነው የሚለው። በዛር ጦር ግን የኮከብ ብዛት ብቻውን ምንም አይነግርሽም። መጀመሪያ የምትቆጥሪው መስመሩን ነው። አንድ መስመር ካለው ዝቅተኛ መኮንን ነው፣ ሁለት መስመር ካለው ሌተና ኮሎኔል ወይም ኮሎኔል ነው። ሻለቃ የሚባለው ማዕረግም ድሮ እዚሁ ሁለተኛው ቡድን ውስጥ ነበረ፣ በ1884 ግን ተሰረዘ። ጄኔራል ከሆነ መስመር የሚባል ነገር የለውም፣ ሰሌዳው ሙሉ በሙሉ እንደ ዚግዛግ በተሠራ ወርቃማ ወይም ብርማ ጥልፍ ይሸፈናል። ኮከብ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም በየቡድኑ ውስጥ ብቻ። የሚገርመው በየቡድኑ ትልቁ ማዕረግ ኮከብ የለውም። ካፒቴን አንድ መስመር ብቻ፣ ኮሎኔል ሁለት መስመር ብቻ፣ ሙሉ ጄኔራል ዚግዛግ ብቻ። ስለዚህ አንድ መስመርና አራት ኮከብ ማለት ሽታብስ ካፒቴን ነው። በእኛ ቢታሰብ ከመቶ አለቃ በላይ፣ ከሻምበል በታች ያለ ሰው ነው።

ቁጥሩ ደግሞ ደስ የሚል ነው። የሩሲያ እግረኛ ክፍለ ጦር እያንዳንዱ አራት ሬጅመንት ነበረው፣ ቁጥራቸውም በተርታ ነው የሚሄደው። 106ን ለአራት አካፍዪው፣ 26 ደርሶ 2 ይተርፋል። ይሄ ማለት ሬጅመንቱ በ27ኛው ክፍለ ጦር ውስጥ ሁለተኛው ነው። የክፍለ ጦሩ ሬጅመንቶች 105 ኦረንቡርግ፣ 106 ኡፋ፣ 107 ትሮይትስክ፣ 108 ሳራቶቭ ናቸው። ኡፋ ኡራል አካባቢ ያለች ከተማ ናት፣ ግን ሰውየው ከዚያ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። የሬጅመንቶቹ የከተማ ስም የክብር ስም ነበር፣ ሰፈራቸው ሌላ ነው። 106ኛው የሚሰፍረው ቪልና ነበር፣ ዛሬ ቪልኒየስ የምትባለው የሊቱዌኒያ ዋና ከተማ። እናትሽ ከፎቶው ጀርባ «ቪልና» የሚል አንብባለች ብለሻል፣ ገጠመ ማለት ነው።

ሁለተኛ መሆኑን ያጠበቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠውን ቆብ እይው። ዙሪያውን የከበበው ሰፊ ጨርቅ ነጭ ነው ብለሻል፣ ስልክሽ ላይ ያለው ቀለም የሚቀባ አፕሊኬሽንም ነጭ አድርጎታል። ነጭ አይደለም፣ ሰማያዊ ነው። በእያንዳንዱ ክፍለ ጦር የመጀመሪያው ሬጅመንት ቆቡ ዙሪያ ቀይ ጨርቅ፣ ሁለተኛው ሰማያዊ፣ ሦስተኛው ነጭ፣ አራተኛው ጥቁር አረንጓዴ ነበረው። 106ኛው ሁለተኛ ስለሆነ ሰማያዊ መሆን አለበት። ታዲያ ለምን ነጭ መሰለ? የዚያን ዘመን የፎቶ ሰሌዳ ቀለም የሚያየው እንደ እኛ ዓይን አልነበረም። ለሰማያዊ ብርሃን በጣም ንቁ ነው፣ ለቀይ ደግሞ እውር ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰማያዊ ነገር ፈዝዞ ነጭ ይመስላል፣ ቀይ ነገር ጠቁሮ ጥቁር ይመስላል፣ ቢጫና ብርቱካናማም ከሚገባቸው በላይ ይጠቁራሉ። ትከሻው ላይ ያለው መስመር የጠቆረውም ለዚህ ነው፣ በእውነት ቀይ ነው፤ የክፍለ ጦሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሬጅመንቶች የትከሻ ቀለም ቀይ ነበር። ይህቺን ነገር በደንብ ያዢልኝ፣ ደረቱ ላይ ስንደርስ ሁሉንም የምትፈታው እሷ ናት። አፕሊኬሽኑን ደግሞ አጥፊው፣ እባክሽ። ግራጫውን አይቶ ይገምታል እንጂ ስለ ሬጅመንት የሚያውቀው ነገር የለም።

አሁን ወደ ደረቱ። ከእኛ ግራ ወደ ቀኝ ስትሄጂ አንድ ዘንግ ላይ አራት ነገር ተንጠልጥሏል። ሁለት መስቀል፣ ከዚያ ሁለት ክብ ሜዳይ። ቅደም ተከተሉ በደንብ የተደነገገ ነው። ትልቁ ክብር ወደ ደረቱ መሃል ይጠጋል፣ ማለትም ለሚያየው ሰው በግራ በኩል ይጀምራል። ኒሻኖች ይቀድማሉ፣ ሜዳዮች ይከተላሉ፣ የውጭ አገር ሽልማት ካለ መጨረሻ ላይ ይሆናል።

ጊዮርጊስ ቢኖረው የመጀመሪያው ቦታ የእሱ ነበር። የመኮንኖች የቅዱስ ጊዮርጊስ ኒሻን ካትሪን ሁለተኛዋ በ1769 ያቋቋመችው ነው፣ ነጭ ኢናሜል የተቀባ መስቀል ነው፣ ሪባኑ ብርቱካናማና ጥቁር። ነጭ ኢናሜል በዚህ ዓይነት ፎቶ ላይ ያበራል፣ ሊደበቅ አይችልም። የእናንተ ሰው ሁለቱም መስቀሎች ጥቁር ሆነው ነው የሚታዩት። ጥቁር ሆኖ የሚታይ መስቀል ደግሞ፣ ቅድም እንዳልኩሽ፣ ቀይ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። እርግጥ ቤተሰብ ሁሉ ጊዮርጊስ ነው የሚለው፤ በዛር ዘመን ከነበሩት ሽልማቶች ሁሉ ሰው የሚያስታውሰው ስም እሱ ብቻ ስለሆነ። ከሚላኩልኝ ፎቶዎች ውስጥ «ጊዮርጊስ አለው» ተብሎ የሚመጣው ብዙ ነው፣ እውነት ሆኖ የሚገኘው ጥቂት።

ሁለቱ ቀይ መስቀሎች ከሩቅ መንትያ ይመስላሉ፣ ስለዚህ ጠጋ ብለሽ እይ። የቀኙ፣ ሁለተኛው ማለቴ ነው፣ የአራቱ ክንፎቹ ጫፍ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፣ ስንጥቆቹም ጫፋቸው ላይ ትናንሽ ኳሶች አሏቸው። በክንፎቹ መሃል ደግሞ ትናንሽ ንስሮች አሉ። ይሄ የቅዱስ ስታኒስላቭ ኒሻን ነው፣ 3ኛ ደረጃ። ሪባኑን ካየሽ ጠርዙ ላይ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ይታያሉ፤ ቀይ ሆኖ በሁለቱም ጎን ድርብ ነጭ መስመር ያለው የስታኒስላቭ ነው። መነሻው የፖላንድ ኒሻን ነው፣ ንጉሥ ስታኒስላቭ ፖኒያቶቭስኪ በ1765 ያቋቋሙት፣ ሩሲያ ደግሞ በ1831 የራሷ አደረገችው። ከሩሲያ ኒሻኖች ሁሉ ዝቅተኛው እርከን ይሄ ነበር፣ አብዛኛው መኮንን የሚጀምረውም ከእሱ ነው።

የመጀመሪያው መስቀል ክንፎቹ አልተሰነጠቁም፣ ጫፋቸው ቀጥ ያለ ነው። በክንፎቹ መሃል ንስር ሳይሆን እንደ ዳንቴል የተሠራ የወርቅ ጌጥ አለ። መሃሉ ላይ ያለችው ትንሽዬ ምስል የቅድስት አና ናት፣ እኛ ሐና የምንላት የእመቤታችን እናት። ሪባኗ ቀይ ሆኖ ጠርዙ ቢጫ ነው። ቢጫው ስለሚጠቁር እዚህ ፎቶ ላይ ሪባኑ ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ጥቁር መስሏል፣ ከጎኑ ካለው ነጭ መስመር ካለው ጋር ስታስተያዪው ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይህ የአና ኒሻን 3ኛ ደረጃ ነው፣ ከስታኒስላቭ በላይ ስለሆነ ነው ቀድሞ የተሰቀለው።

አሁን ዋናው ነገር። ሁለቱም መስቀሎች ላይ የተጋደሙ ትናንሽ ሰይፎች አሉ። ሪባኖቻቸውም ዝም ብለው የተንጠለጠሉ አይደሉም፣ እንደ ቢራቢሮ ታስረዋል። አጉልተሽ ካላየሽው ሪባኑ የተጨማደደ ነው የሚመስልሽ። እነዚህን ኒሻኖች አንድ መኮንን ቢሮ ተቀምጦም፣ ለብዙ ዓመት አገልግሎትም ሊያገኛቸው ይችላል፤ ያኔ ሰይፍም የለም፣ ቢራቢሮም የለም። ሰይፍና ቢራቢሮ አንድ ላይ ካየሽ ጠላት ፊት ቆሞ ያገኘው ነው። የእናትሽ ቅድመ አያት ሁለቱንም በጦር ሜዳ ነው ያገኛቸው።

የትኛው ጦር ሜዳ? ሦስተኛው ነገር ይነግረናል። ክብ ሜዳይ ነው፣ መሃሉ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለ ዓይን፣ ዙሪያውን ጨረር። የ1904 እና 1905 የሩሲያና የጃፓን ጦርነት ሜዳይ ነው። ጀርባው ላይ «ጌታ በጊዜው ከፍ ያድርጋችሁ» የሚል ጽሑፍ አለ። ስለዚህ ጽሑፍ ሩሲያውያን የሚያወሩት ቀልድ አለ። ባለሥልጣኖቹ «ጌታ ከፍ ያድርጋችሁ» የሚለውን ብቻ ለዛር ኒኮላይ ሁለተኛው አቀረቡ፣ እሱም ጉዳዩን ሌላ ቀን አምጡልኝ ለማለት ኅዳጉ ላይ «በጊዜው» ብሎ ጻፈበት፣ ፀሐፊዎቹም ቃሉን የጽሑፉ ክፍል መስሏቸው ጨመሩት ይባላል። ተረት ነው፤ ቃሉ ከነ«በጊዜው» የተወሰደው ከ1ኛ ጴጥሮስ 5፥6 ነው። በተሸነፉበት ጦርነት ማግስት ግን እንዲህ ዓይነት ተረት መወለዱ አይገርምም።

ይህ ሜዳይ በሦስት ዓይነት ብረት ነው የተሠራው። የብሩ ፖርት አርተር ውስጥ ተከበው ለተዋጉት፣ የፈዛዛ ነሐሱ በሌላ ውጊያ ለተሳተፉት፣ የጥቁር ነሐሱ ጦር ግንባሩ አካባቢ ሆነው ላልተዋጉት። ከጥቁርና ነጭ ፎቶ ብረቱን መለየት ያስቸግራል፣ ሰይፎቹ ስላሉ ግን የመጨረሻው እንዳልሆነ እናውቃለን። የሜዳዩ ሪባንም እንደ ቢራቢሮ መታሰሩን አስተውለሻል? ብዙ ሰው ለማሳመር መስሎት ያልፈዋል። እዚህ ሜዳይ ላይ ቢራቢሮ የተፈቀደው ለቆሰሉ ወይም በፍንዳታ ለተጎዱ ሰዎች ነው። ስለዚህ ማንቹሪያ ላይ ቆስሏል። አያትሽ «እግሩን ያመው ነበር» ይባላል ያለችው ከዚህ ጋር ይያያዝ ይሆናል፣ አይያያዝም ይሆናል፤ የት ቦታ እንደቆሰለ ሜዳይ አይናገርም። በዚያን ጊዜ የትኛው ሬጅመንት ውስጥ እንደነበረም ከፎቶው አይታወቅም፣ መኮንኖች ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወሩ ነበር።

አራተኛው፣ ሁለት ፊት ጎን ለጎን የሚታይበት፣ የሮማኖቭ ሥርወ መንግሥት 300ኛ ዓመት ሜዳይ ነው። ፊቶቹ በ1613 የነገሠው ሚካኤልና ኒኮላይ ሁለተኛው ናቸው። ሪባኑ ነጭ፣ ብርቱካናማና ጥቁር ነው፣ ፎቶው ላይ አንዱ ጎን ብሩህ ሌሎቹ ጨለማ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ይሄ የጀግንነት አይደለም። በየካቲት 1913 አገልግሎት ላይ ለነበረ ወታደር ሁሉ የታደለ ነው። ለእኔ ግን ከአራቱም ውዱ እሱ ነው፤ ፎቶው ከየካቲት 1913 በፊት ሊነሳ እንደማይችል የሚነግረኝ እሱ ብቻ ነውና።

ወደ ጎራዴው እንሂድ። በግራ እጁ የያዘው ነው። እናትሽ «እጀታው ላይ መስቀል አለ፣ የጊዮርጊስ ጎራዴ ነው» ብላለች። ግማሹን ልክ ናት። እጀታው ጫፍ ላይ አንድ ክብ ጥቁር ነገር አለ፣ ከላዩ ትንሽ ዘውድ የመሰለ ነገር። እጀታው ላይ የታሰረው ዘለበትም ጥቁር ነው። ተራ የመኮንን ጎራዴ ዘለበቱ ከብር ክር ስለሆነ ፎቶ ላይ ብሩህ ነው። ጥቁር ከሆነ ወይ የአና ሪባን ነው ወይ የጊዮርጊስ። የጊዮርጊስ ጎራዴ ቢሆን እጀታው ላይ የሚኖረው ትንሽ ነጭ መስቀል ነው። ክብና ጥቁር ከሆነ የአና ኒሻን 4ኛ ደረጃ ነው፣ ደረት ላይ ሳይሆን መሣሪያ ላይ የሚደረግ። ክቡ ውስጥ ቀይ መስቀል አለ፣ መሣሪያው ላይ ደግሞ «ስለ ጀግንነት» ተብሎ ይቀረጻል። መኮንኖቹ በቀልድ ክሉክቫ ይሉት ነበር፣ በሰሜን ረግረግ ውስጥ በምትበቅል ቀይ ፍሬ ስም። ለወጣት መኮንን የመጀመሪያው የጦር ሜዳ ሽልማት ብዙውን ጊዜ ይሄ ነው፣ ቀጥሎ ስታኒስላቭ 3ኛ፣ ከዚያ አና 3ኛ። ሦስቱንም በአንድ ጦርነት ነው የሰበሰበው፣ ማለትም ገና የመቶ አለቃነት ደረጃ ላይ እያለ። መጥፎ አይደለም!

ግራ ደረቱ ላይ ዝቅ ብሎ ያለው ምልክት የሬጅመንት ወይም የወታደራዊ ትምህርት ቤት ባጅ ነው። ስካኑ ደብዝዞ ስለሆነ መገመት አልፈልግም።

ፎቶውን ለመጨረስ ደግሞ የሌለውን ነገር ማየት ያስፈልጋል። አንገቱ ላይ መስቀል የለም፣ ስለዚህ ሁለተኛ ደረጃ ኒሻኖች ገና አልደረሱትም። ከአና በላይ የሆነው የቭላዲሚር መስቀል የለም። የ1914ቱ የክተት ጥሪ ሜዳይ የለም። ትከሻው የሚያብረቀርቅ የሰላም ጊዜ ሰሌዳ ነው፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር መኮንኖች ጠላት እንዳይለያቸው በአፈርማ ጨርቅ ቀየሩት። የለበሰው ነጭ የበጋ ኮት ነው፣ አንገቱ ቆሞ የሚዘጋ፣ ኪቴል የሚሉት። ስቱዲዮው ቪልና ነው፣ ሬጅመንቱ ደግሞ በነሐሴ 1914 ያኔ የጀርመን ወደነበረችው ምሥራቅ ፕሩሺያ ዘምቷል። ስለዚህ ከየካቲት 1913 በኋላ፣ ከጦርነቱ በፊት፣ በበጋ። እናትሽ ከጀርባው ያነበበችው «ሰኔ 12» ከዚህ ጋር ልክክ ይላል፣ የጠፋው ዓመት ከ1913 ወይም ከ1914 አይወጣም።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር። ሩሲያ ያኔ የምትጠቀመው በጁልያን አቆጣጠር ነበር፣ በዚያ ዘመን ከአውሮፓው 13 ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። የእነሱ ሰኔ 12 በአውሮፓው ሰኔ 25 ነው፣ በእኛ ደግሞ ሰኔ 18። የእኛና የጁልያኑ አቆጣጠር የዘመን መለወጫቸው ቢለያይም እኩል ነው የሚራመዱት፣ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ስለሚጨምሩ። 1914 ከሆነ እንግዲህ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ሳራዬቮ ላይ ከመገደሉ ሦስት ቀን በፊት የተነሳ ፎቶ ነው። 1913 ከሆነ ገና አንድ ዓመት ሰላም ነበረው።

የኢትዮጵያውን ጥያቄሽን አልረሳሁም። ከአድዋ በኋላ በ1896 በጄኔራል ሽቬዶቭ የተመራ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን መጥቷል፣ በ1898 ደግሞ የቭላሶቭ የዲፕሎማሲ ልዑክ አዲስ አበባ ገብቷል። ከደጃዝማች ተሰማ ናደው ጋር እስከ ነጭ አባይ የዘመተው ኮሎኔል አርታሞኖቭ፣ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ወደ ደቡብ የወረደው ቡላቶቪች፣ እነዚህ በደንብ የሚታወቁ ናቸው። ግን አለባበሳቸው ከእናንተ ሰው ጋር አይገናኝም። ቡላቶቪች የክብር ዘበኛ ሁሳር ነበር፣ ደረቱ በገመድ ጥልፍ የተሞላ ልብስ ነው የሚለብሰው። አርታሞኖቭ የጄኔራል ስታፍ ሰው ነው፣ ከቀኝ ትከሻው የሚወርድ የተጎነጎነ ገመድና በቀኝ ደረቱ የአካዳሚ ባጅ ትጠብቂበታለሽ። ከዚህም በላይ ምኒልክ ለመጡት መኮንኖች የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን ሰጥተዋል። ያ ቢኖር ከሜዳዮቹ ሁሉ በኋላ፣ በረድፉ መጨረሻ ላይ፣ ኮከብ ቅርጽ ያለው ነገር ታይ ነበር። የእናትሽ ቅድመ አያት ረድፍ በሮማኖቭ ሜዳይ ነው የሚዘጋው።

ከፎቶው በኋላ ምን ሆነ? ይሄንን ፎቶ አይመልስም፣ የሬጅመንቱ ታሪክ ግን የት መፈለግ እንዳለብሽ ይጠቁማል። 27ኛው ክፍለ ጦር በነሐሴ 20 ቀን 1914 ጉምቢነን ላይ የጄኔራል ማከንዘንን 17ኛ የጀርመን ኮር ገጥሞ መለሰው። ሩሲያውያን በዚያ ግንባር ካገኟቸው ጥቂት ድሎች አንዱ ነው። ድሉ አልቆየም። በየካቲት 1915 ክፍለ ጦሩ ከ20ኛው ኮር ጋር አውጉስቶቭ ጫካ ውስጥ በበረዶ ተከበበ፣ ገሚሱ አለቀ፣ የተረፈው ተማረከ። ስለዚህ «ከጦርነት አልተመለሰም» የሚለው የአያትሽ ወሬ በሁለት መንገድ ሊሆን ይችላል። ሞቷል ወይም ተማርኳል። ሁለቱንም ፈልጊ።

ፍለጋው ከባድ አይደለም፣ የአባት ስሙን ታውቂያለሽና። መጀመሪያ ለ1914 እስከ 1918 ጦርነት ጀግኖች መታሰቢያ ተብሎ የተከፈተው የሩሲያ የመረጃ ገጽ ላይ ስሙን አስገቢ፣ እዚያ የሞቱ፣ የቆሰሉና የጠፉ ሰዎች ካርድ አለ፣ በነጻ ነው። ስሙን በተለያየ አጻጻፍ ሞክሪ፣ ከ1918 በፊት የነበረው ፊደል ከዛሬው ትንሽ ይለያል። ቀጥሎ ሞስኮ ሌፎርቶቮ ያለው የሩሲያ መንግሥት የወታደራዊ ታሪክ ቤተ መዛግብት ነው። የመኮንኖች የአገልግሎት መዝገብ የሚገኘው ፎንድ 409 በሚባለው የመዝገብ ክምችት ውስጥ ነው። የሱ ከተገኘ የትውልድ ቀኑን፣ ሃይማኖቱን፣ የተማረበትን፣ ሚስቱንና ልጆቹን፣ የተዋጋበትን ቦታና የቆሰለበትን ቀን፣ እያንዳንዱን ሽልማት ከነቀኑ ታገኛለሽ። ሽታብስ ካፒቴን የሆነበት ቀንም እዚያው አለ፤ በ1913 እና በ1914 መሃል ከሆነ የፎቶውን ዓመት ይቆርጥልናል። እናትሽ በሩሲያኛ ደብዳቤ ብትጽፍላቸው ይቀልላል፣ ስሙን፣ ማዕረጉን፣ «106ኛ የኡፋ እግረኛ ሬጅመንት»ን እና «1913» ን ታስቀምጥ። ኢንተርኔት ላይ «የመኳንንት ዘር ሐረግ እንሠራለን» የሚሉትን ግን ገንዘብ እንዳትሰጫቸው።

ለእኔ ደግሞ ፎቶውን እንደገና ስካን አድርጊልኝ። በስልክ አይሁን፣ በስካነር፣ በ1200 ዲፒአይ። ካርቶኑን ከፎቶው እንዳትላጪው፣ በእርጥብ ነገርም እንዳትጠርጊው። ሦስት ነገር ነው የምፈልገው፦ ግራ ደረቱ ላይ ያለው ባጅ፣ የጎራዴው እጀታ፣ እና የጀርባው ጽሑፍ። ጀርባውን ስካነር ላይ ከማድረግሽ በፊት መብራት ከጎን አስጠግተሽ አንድ ፎቶ አንሺው፣ ቀለሙ የጠፋ ጽሑፍ ብዕሩ የጫረው ምልክት በጥላ ይወጣል። ዓመቱ እዚያ ሊነበብ ይችላል።